አራሷና ጨቅላው ቤት ሲገቡ፦ የመጀመሪያው ሳምንት የእንክብካቤ መመሪያ

በመሀል አዲስ አበባ በአንድ ማዋለጃ ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። እናቲቱ የመውጫ ወረቀቷን ተቀብላ፣ ልጁ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ መኪናው በር ላይ እየጠበቀ ሳለ፣ አራሷን ሊያርሱ የመጡት እናት፣ እኅት ወይም ባል ከደረጃው ተመልሰው የሚጠይቁኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እሺ፣ አሁን ቤት ስንገባ ምን እናድርግ?» ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። የምጽፈውም በተለይ ለእርስዎ፣ አራሷን ለሚያርሱት ሰው ነው፤ እርሷ በእነዚህ ቀናት ደክማለች፣ እንቅልፍም አልጠገበችም፤ ስለዚህ ለውጡን ቀድሞ ማየት የሚችለው ከአጠገቧ ያለው ሰው ነው።

መመሪያው ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደና ጤነኛ ነው ተብሎ ለተሰናበተ ልጅ የሚሆን ነው። ልጁ ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች ከነበረ፣ ወይም በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተኝቶ ከወጣ፣ ሐኪሙ የነገረዎት ሁሉ ከዚህ ጽሑፍ ይቀድማል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በብብት ሥር የሚለካ ዲጂታል ቴርሞሜትር። ከሁሉ በፊት የሚገዛው ይህ ነው፤ በእጅ ዳሰሳ ትኩሳትን መገመት ብዙ ሰው አሳስቷል።
- ሴኮንድ የሚቆጥር ሰዓት ወይም ስልክ።
- ሁለት ኮፍያ፣ ካልሲ፣ በፊት ለፊት የሚከፈት ቀላል ልብስ፣ ሁለት ለልጁ ብቻ የሚሆኑ ንጹሕ ፎጣዎች።
- ዳይፐር ወይም ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ የጥጥ ጨርቅ።
- ለልጁ ገላ ብቻ የሚያገለግል ሳፋና ሽታ የሌለው የሕፃን ሳሙና።
- ለእናት ትልቁ ዓይነት ሞዴስ እና የእጅ ሳሙና።
- ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ፔርሙስ። በሰፈርዎ ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ጀሪካኑ ሁለት ይሁን።
- አንድ ትንሽ ኩባያና ማንኪያ፣ ታልቦ ለሚሰጥ የእናት ወተት።
- ከጤና ተቋሙ የተሰጡ መድኃኒቶች፣ የክትባት ካርድና አንድ ደብተር።
- በግድግዳ ላይ የተጻፉ ስልክ ቁጥሮች፦ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ እንዲሁም በሌሊት ሲጠሩት የሚመጣ አንድ የሰፈር ታክሲ ነጂ።

ጡጦ፣ የዱቄት ወተትና የሆድ ቁርጠት ሽሮፕ ከዝርዝሩ የቀሩት ተረስተው አይደለም። ቤት ውስጥ ካሉ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር እጅ ወደ እነርሱ ይሄዳልና አይግዟቸው።

ደረጃ 1፦ ከተቋሙ ከመውጣትዎ በፊት ጠይቀው ያረጋግጡ

እናት በምጥ በሰላም ብትገላገልም ቢያንስ 24 ሰዓት በተቋሙ መቆየት አለባት። ብዙ ደም የሚፈስባትም ሆነ የልጁ አተነፋፈስ የሚታወከው ባመዛኙ በዚሁ የመጀመሪያ ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ «ደህና ነኝ፣ ልሂድ» ብላ ብትቸኩል እንኳ ያረጋጓት።

ከመውጣትዎ በፊት ልጁ የቫይታሚን ኬ መርፌ፣ የዐይን ቅባት፣ የቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ) ክትባትና የፖሊዮ ጠብታ ማግኘቱን ይጠይቁ፤ በካርዱ ላይ መጻፉንም በዐይንዎ ይዩ። ቫይታሚን ኬ ልጁን በድንገት ከሚመጣ የውስጥ ደም መፍሰስ ይጠብቀዋል፤ ጨቅላ ሲወለድ ይህ ቫይታሚን በሰውነቱ ውስጥ እጅግ አነስተኛ ነው። የቢሲጂው ቦታ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አብጦ ትንሽ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ክትባቱ መሥራቱን የሚያሳይ ስለሆነ ምንም ነገር አይቀቡበት። የእናቲቱ የደም ዓይነት ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ የልጁ ደም መመርመሩን፣ መርፌ የሚያስፈልጋት ከሆነም በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋቷን ሳያረጋግጡ አይውጡ። ጊዜው ካለፈ ጉዳቱ የሚታየው በሚቀጥለው እርግዝና ነው።

በመጨረሻ፣ አዋላጇ ፊት አንድ ጊዜ ልጁ ጡት እንዲጠባ ያድርጉ። አያያዙ የተሳሳተ ከሆነ እዚያው ይታረማል፤ ቤት ከገቡ በኋላ ግን የተሰነጠቀ የጡት ጫፍ ይዞ ለመመለስ ታክሲ መፈለግ ይሆናል። የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱንም ይቀበሉ፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በ90 ቀን ውስጥ ልደቱን ለማስመዝገብ ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 2፦ በመንገድ ላይ

ልጁ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ ለብሶ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይሁን፤ ከላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይደረብ፤ ፊቱ ግን አይሸፈን። በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ብቻውን ከታቀፈ ልጅ ይልቅ በእናቱ ገላ ላይ ያለ ልጅ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ብርድ ልብስ ያለውን ሙቀት ያቆያል እንጂ አዲስ ሙቀት አይሰጥም። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምትኖር ከሆነ በየፎቁ እያረፈች ትውጣ፤ ልጁን ሌላ ሰው ይያዝላት።

ደረጃ 3፦ ክፍሉን ያሙቁ፣ ነገር ግን አያፍኑት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በክረምትም የዱሮ ቤት ግድግዳ እርጥበት ያዝላል። አራስ ክፍል 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። ጨቅላ ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ትልቅ ስለሆነና እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ መሞቅ ስለማይችል፣ ሲበርደው ኃይሉን በሙሉ በመሞቅ ላይ ያውልና ለመጥባት ይደክማል። ብዙ ጊዜ «ልጁ ሰነፈ፣ አልጠባም አለ» ተብሎ የሚመጣው ልጅ የበረደው ልጅ ነው።

አልጋውን ከበርና ከመስኮት ያርቁ፤ ልጁን እርስዎ ከለበሱት በአንድ ድርብ ጨምረው ያልብሱት፤ ኮፍያ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይኑረው። ሙቀቱን ለማወቅ የደረቱን ወይም የጀርባውን ቆዳ ይዳስሱ፤ እጅና እግሩ ቀዝቀዝ ቢል ብዙ አያስጨንቅም። ልጁ ከቀዘቀዘ ፍቱን መድኃኒቱ የእናት ደረት ነው፤ አባትም ሸሚዙን አውልቆ ደረቱ ላይ ቢያስተኛው ይሠራል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል የተቀጣጠለበትን ምድጃ ወደ አራስ ክፍል አያስገቡ። ጭሱ ቢጠፋም ፍሙ የሚያወጣው መርዛማ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን ሳይነቁ ይገድላል። የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ከሆነና ቡና መፈላቱ ካልቀረ፣ ቆሎውም ቡናውም ደጅ ይቆላ፤ ዕጣኑ ለጊዜው ይቅር። በቀን ሁለት ጊዜ እናትና ልጅ ተሸፍነው ሳሉ በሩን ለአጭር ጊዜ ከፍተው አየሩን ይቀይሩ። ምች ይመታታል በሚል ስጋት ሳምንት ሙሉ ያልተከፈተ ክፍል ውስጥ የጠያቂው ሁሉ ሳልና ጉንፋን ታምቆ ይቆያል።

ደረጃ 4፦ ጡት፣ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ

ከሁሉ ብዙ ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፈር ያለ ቢጫ ወተት እንገር ይባላል። መጠኑ ጥቂት ነው፤ የልጁ ሆድም በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ስለዚህ «ወተቷ ገና አልመጣም» ብለው ስኳር ውሃ፣ አብሽ፣ የላም ወተት ወይም ቅቤ አይስጡት። እንገር በሽታን በሚከላከሉ ነገሮች የተሞላ ነው፤ ሆዱን ጠርጎ ጥቁሩን የመጀመሪያ ሰገራ ያስወጣል። ሌላ ነገር የቀመሰ ልጅ ደግሞ ይጠግብና አይጠባም፤ ሳይጠባ በቆየ መጠን ወተቱ መምጣቱ ይዘገያል። ወተት የሚመረተው በሚጠባው ልክ ስለሆነ የወተት ማምጫው ዋነኛ ዘዴ ደጋግሞ ማጥባት ነው።

አያያዙን እንዲህ ያስተካክሉ፦

ሀ) እናት ጀርባዋን ደግፋ ትቀመጥ፤ ልጁን ወደ ጡቷ ታምጣው እንጂ እርሷ ወደ ልጁ አትጎንበስ። በኦፕራሲዮን ከወለደች ስፌቷን እንዳይነካ በጎኗ ተኝታ ታጥባ።

ለ) የልጁ ሆድ የእናቱን ሆድ ይንካ፤ ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ይሁኑ። አንገቱን አዙሮ መዋጥ ለእኛም ይከብደናል።

ሐ) በጡት ጫፍ ከንፈሩን ነካ ነካ ታድርገው፤ አፉን እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው ሲከፍት ፈጥና ታቅርበው።

መ) በትክክል ሲይዝ አገጩ ጡቱን ይነካል፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክፍል ከላይ በኩል ይበልጥ ይታያል፤ እናትም አያማትም። ካመማት ትንሿን ጣቷን ከአፉ ጎን አስገብታ ታላቅቀውና እንደገና ትጀምር። ሕመሙን ችላ ከቀጠለች ጫፉ ይሰነጠቃል።

አንዱ ጡት እስኪቀልላት ድረስ አጥብታ ወደ ሁለተኛው ትሂድ። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ የቀመሰ ልጅ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ቅባት የበዛበትን ወተት ሳያገኝ ቶሎ ይርበዋል። ልጁ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳይጠባ ተኝቶ ከቆየ ልብሱን አላልተው፣ የእግሩን መዳፍ አሸት አሸት አድርገው ያንቁት። ከጠባ በኋላም ትከሻዎ ላይ ደግፈው ጀርባውን ቀስ እያሉ መታ መታ በማድረግ ያስገሱት።

መጥገቡን የሚያውቁት በዳይፐሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ እያለ ይጨምራል፤ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ቢያንስ ስድስት ጊዜ መሽናት አለበት። ሰገራውም ከጥቁር ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ደብተሩን የገዙት ለዚህ ነውና በየጊዜው መስመር ያስምሩበት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ ከተወለደበት ክብደት ጥቂት መቀነሱ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሰዋል።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ጡቷ አጋቶ ድንጋይ ከሆነ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለአፍታ አድርጉላት፣ በእጇ ጥቂት ታልባ ጫፉን ታለስልስ፣ ከዚያ ታጥባ። የጡቷ አንድ ቦታ ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ከመጣባት ማጥባቷን ሳታቋርጥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ትሂድ፤ ማቋረጡ እብጠቱን ወደ መግል ሊለውጠው ይችላል። የታለበ ወተት በክፍል ሙቀት ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይ፤ የሚሰጠውም በኩባያ ወይም በማንኪያ እንጂ በጡጦ አይደለም፣ ጡጦ የለመደ ልጅ ጡት መያዝ ይቸግረዋልና።

እናቲቱ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ፣ መድኃኒቷን አንድም ቀን አታቋርጥ፤ ለልጁ የታዘዘውም ሽሮፕ በሰዓቱ ይሰጠው። በሐኪም ከታዘዘ መድኃኒት በቀር እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም።

ደረጃ 5፦ እትብት

እትብቱ ክፍት በር ነው፤ በእርሱ የገባ ጀርም በቀጥታ ወደ ደም ይሄዳል። ከመንካትዎ በፊት እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ዳይፐሩን ከእትብቱ በታች አጥፈው እንዳይሸፍነው ያድርጉ፤ ደርቆ በራሱ እስኪወድቅ ይተዉት። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ አመድ፣ አልኮልም ቢሆን አይቀቡበት። ቢንጠለጠል እንኳ አይጎትቱት።

ከተቋሙ ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጄል ተሰጥቶዎት ከሆነ በቀን አንድ ጊዜ እስከ ሰባተኛው ቀን በእትብቱ ጫፍና በሥሩ ዙሪያ ይቀቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ጄል የእትብት ብቻ ነው። ቱቦው ከዐይን ቅባት ቱቦ ጋር ይመሳሰላል፤ ወደ ዐይን ከገባ ግን ዐይኑን ክፉኛ ይጎዳል። ቤት እንደገቡ በቱቦው ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «እትብት» ብለው ይጻፉበት፤ የልጁ የዐይን ቅባት በተቋሙ ተቀብቶ ስላለቀ በቤት የሚቀባ የዐይን ቅባት የለም። ኩልም እንዲሁ ከዐይኑ ይራቅ።

ደረጃ 6፦ ገላውን ማጠብ

ከመጀመሪያው 24 ሰዓት በፊት አይታጠብም። በቆዳው ላይ ያለው ነጭ ቅባት ቆሻሻ አይደለም፤ ቆዳውን ይጠብቃል፣ ሙቀቱንም ይይዛል። ከዚያም በኋላ በየቀኑ ማጠብ ግዴታ አይደለም፤ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ፣ በቀረው ቀን ደግሞ ፊቱን፣ አንገቱንና መቀመጫውን መጥረግ ይበቃል።

ሰዓቱ ቀትር አካባቢ ይሁን። ፎጣውን፣ ልብሱን፣ ኮፍያውን አስቀድመው በተራ ዘርግተው ይጀምሩ፤ ልጁ ውሃ ውስጥ ሆኖ ፎጣ የሚፈለግበት ቤት ብዙ አይቻለሁ። በሳፋው መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ውሃ፣ ከዚያ ከፔርሙስ የሞቀውን ይጨምሩ፤ በክርንዎ ይሞክሩት፣ ክርን ከመዳፍ ይልቅ ሙቀትን በትክክል ይለያል። ልጁ ሳፋው ውስጥ ሳለ የፈላ ውሃ ፈጽሞ አይጨምሩ። ከአምስት ደቂቃ አይለፉ፤ ሲያወጡት በመጀመሪያ ጭንቅላቱን አድርቀው ኮፍያ ያድርጉለት፣ ከእርጥብ ጭንቅላት ብዙ ሙቀት ይወጣልና፤ ከዚያ ወዲያው ወደ እናቱ ደረት።

እርግብግቢቱን በቅቤ መሙላት፣ አፍንጫውን መጎተት፣ እግሩን ይዞ መዘቅዘቅና ጡቱን መጭመቅ ከዚህ ሥራ ውስጥ አይገቡም።

ደረጃ 7፦ አተኛኘት

ሁልጊዜ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይተኛ። በሆዱ የተኛ ልጅ ትንፋሹ ቢታፈን ራሱን ማዞር አይችልም።

ደረጃ 8፦ አራሷን ማረስ

ጠያቂው ሁሉ ወደ ልጁ ሲያይ እናቲቱ ትረሳለች፤ የእርስዎ ሥራ ግን ግማሹ እርሷ ናት።

ደም፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ቀይ ሆኖ ይፈሳል፤ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ነጣ ያለ ፈሳሽ ይለወጣል፤ እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ትልቁ ሞዴስ ሙሉ በሙሉ ከራሰ፣ ወይም ከእንቁላል የሚበልጥ የረጋ ደም ከወጣ፣ ያ ከተለመደው ውጭ ነውና አይጠብቁ፤ በአምቡላንስ ወይም ባገኙት መኪና ይውሰዷት። መኪናው እስኪደርስ ፊኛዋን ባዶ እንድታደርግ እርዷት፤ የሞላ ፊኛ ማሕፀን ተኮማትሮ ደሙን እንዳያቆም ያግደዋል። ልጁንም ጡት ያስይዙ፤ ሲጠባ ማሕፀን ይኮማተራል። በእነዚያ ቀናት ስታጠባ የሚሰማት ቁርጠትም ከዚሁ የመጣ ስለሆነ አያስፈራት።

ንጽሕና፦ ሽንት ቤት በሄደች ቁጥር በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ከፊት ወደ ኋላ ትታጠብ፤ ሞዴሷን ቢያንስ በየአራት ስድስት ሰዓቱ ትቀይር። የኦፕራሲዮን ስፌት ደረቅ ይሁን፤ ከልጇ የከበደ ነገር አታንሳ፤ ጀሪካን የማንሳቱ ሥራ የእርስዎ ነው።

መንቀሳቀስ፦ አርባ ቀን አልጋ ላይ መተኛት ክብር ቢመስልም፣ ያለ እንቅስቃሴ መተኛት በእግር ሥር ደም እንዲረጋ ያደርጋል፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ ቀስ እያለች ትራመድ። አንዱ እግሯ ብቻ ካበጠ፣ ባቷን ካመማትና ከሞቀ አያሹት፤ ይውሰዷት።

ምግብ፦ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ሾርባው ሁሉ ይቅረብ፤ ግን ቅቤ የበዛበት ገንፎ ብቻውን ሙሉ ምግብ አይሆንም። ጎመን፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ምስርና ብርቱካን ይጨመርበት። የምታጠባ እናት ከለመደችው በተጨማሪ በቀን ሁለት ጊዜ ትብላ፤ ባጠባች ቁጥርም አንድ ብርጭቆ የሚጠጣ ነገር ከአጠገቧ ይኑር። የተሰጣትን አይረን ፎሌት የሚባል የብረት ክኒን ከቡናና ከሻይ ጋር አትውሰድ፤ ብረቱ በደንብ ሳይመጠጥ ይወጣል። በአራስ ቤት ቡና የማይፈላበት ሰዓት ማግኘት አስቸጋሪ ቢሆንም፣ ክኒኑን ወደ መኝታ ሰዓት በብርቱካን ጭማቂ ቢያዛውሩት ይሠራል።

ስሜት፦ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ያለ ምክንያት ብታለቅስ አይገርምዎት፤ እንቅልፍና አጽናኝ ሰው ካገኘች ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ልጇን ማየት ካስጠላት፣ እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ወይም ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት ካነሳች ብቻዋን አይተዋት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

ደረጃ 9፦ ጠዋትና ማታ የሚደረግ ፍተሻ

በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ በቀን ብርሃን ወይም በጥሩ መብራት፣ ልጁን ልብሱን ገልጠው በዚህ ቅደም ተከተል ያዩታል።

በመጀመሪያ ሙቀቱን በብብቱ ይለኩ፤ ትክክለኛው ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ከ36.5 በታች ከሆነ ገላ ለገላ አድርገው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይድገሙት፤ ካልጨመረ ይሂዱ። ከ37.5 በላይ ከሆነ ልብስ በዝቶበት እንደሆነ አቅልለው በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደገና ይለኩ፤ ካልወረደ ይሂዱ።

ቀጥሎ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ደረቱና ሆዱ ተገልጦ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል፤ ጨቅላ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘገም እያለ ስለሚተነፍስ ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይድገሙት፤ በሁለተኛውም ከበዛ የሳንባ ወይም የደም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። አንዲት አያት ቁጥሩ እየጠፋባቸው ሲቸገሩ፣ ባለ 64 ፍሬ መቁጠሪያቸው ላይ ስድሳኛዋን ፍሬ በቀይ ክር አስረው፣ በአንድ ትንፋሽ አንድ ፍሬ እያሳለፉ ሲቆጥሩ አየሁ፤ ደቂቃው ሳያልቅ ቀዩ ክር ከደረሰ ይነሳሉ። ከዚያ ወዲህ ለሌሎችም እንዲሁ እነግራለሁ።

በመጨረሻ ቆዳውን ይዩ። ግንባሩን ወይም ደረቱን በጣትዎ ጫን አድርገው ሲለቁ ቢጫ ከታየ፣ ቢጫነቱ እስከ የት እንደወረደ ይመልከቱ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ፊት ላይ የሚታይ ቀላል ቢጫ በብዙ ልጆች ላይ ይታያል፤ ጡት አዘውትረው ይስጡት። ከተወለደ 24 ሰዓት ሳይሞላው ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫነቱ እስከ መዳፉና እስከ እግሩ መርገጫ ከደረሰ ግን ወደ አንጎል ዘልቆ ሊጎዳው ስለሚችል በዚያው ሰዓት ይውሰዱት። ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የሆስፒታሉን የብርሃን ሕክምና አይተካም።

ሳይጠብቁ የሚሄዱባቸው ምልክቶች

በልጁ ላይ፦ ጡት እምቢ ማለት ወይም ለመጥባት መድከም፣ መንዘፍዘፍ፣ ሲነኩት አለመንቀሳቀስ፣ ሲተነፍስ የጎኑ ሥር ወደ ውስጥ መሰርጎድ ወይም ማቃሰት፣ የከንፈር መጥቆር፣ የእትብት ዙሪያ መቅላት ወይም መግል፣ አረንጓዴ ትውከት፣ ዐይን በመግል መጣበቅ።

በእናት ላይ፦ ከላይ የተጻፈው የደም መብዛት፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዐይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የሚሸት ፈሳሽ፣ የስፌት መግል። በእርግዝና ጊዜ ግፊት ያልነበራት እናት እንኳ ከወሊድ በኋላ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ግፊቷ ሊነሳ ስለሚችል፣ ራስ ምታትን «ድካም ነው» ብለው አይለፉት።

ሲሄዱ ልጁ በእናቱ ደረት ላይ ይሁን፣ በየመንገዱም ይጥባ። በልጁ ምክንያት ሲሄዱም እናቲቱ አብራ ትሂድ፤ አያት ልጁን ብቻ ይዘው መጥተው ወተት የጠፋበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- እንጥል ማስቆረጥና ድድ ማስበጣት። ልጁ የሚያለቅሰው ወይም የማይጠባው በሌላ ምክንያት ነው፤ ቁስሉ ደምና ኢንፌክሽን ያመጣል።
- ማር፣ ቴምር ወይም ጤና አዳም ማስላስ። ማር በተለይ ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚያሽመደምድ መርዝ የሚፈጥር ጀርም ሊይዝ ይችላል።
- በየጠያቂው እጅ ማዞር። የመጣ ሁሉ እጁን ይታጠብ፤ የሚያስለው ሰው ከበር ጠይቆ ይመለስ። ቅር የሚሰኝ ካለ «አዋላጇ ከልክላለች» ይበሉ፤ ስሜን ለዚህ ቢጠቀሙበት ፈቅጃለሁ።
- ሌሊት እናት ስትደክም «ትተኛ» ብሎ ልጁን ሳይጠባ ማሳደር። የሌሊቱ መጥባት ወተቱን የሚያበዛው ነው፤ ይልቅ ልጁን አቅርበውላት፣ ዳይፐሩን እርስዎ ቀይረው፣ ቀን ላይ አስተኟት።
- ከቤተ ዘመድ የተረፈ መድኃኒት መስጠት። ለትልቅ ልጅ የታዘዘ የትኩሳት ሽሮፕ በጨቅላ ላይ በሽታውን ሸፍኖ ያዘገያል።

የመመለሻ ቀናት

በሦስተኛው ቀንና በሰባተኛው ቀን እናትና ልጅ አብረው ወደ ወለዱበት ተቋም ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የሁለቱም ደህንነት ቢታይዎትም የእናቲቱ ግፊትና የልጁ ክብደት በቤት አይታወቅም። በስድስተኛው ሳምንት ልጁ ቀጣዩን ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያም በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይቀጥላል። እናቲቱም በስድስተኛው ሳምንት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ትጠይቅ፤ ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ልጁ ከጡት ሌላ ምንም ካልወሰደና ስድስት ወር ካልሞላው ብቻ ነው። ሲሄዱ የክትባት ካርዱንና መስመር ያሰመሩበትን ደብተር ይያዙ።